ግማሽ ሪዝ

ኬላዋን ማንንም ሰው ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አረፋ ከመቀባቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቃል። «አባትህ ደህና ናቸው?» ይላል። «ደህና ናቸው» ካለው ይላጨዋል፤ «አርፈዋል» ካለውም ይላጨዋል፤ ዝም ካለው ግን ምላጩን አጥፎ ይጠብቃል። ባለፈው ሳምንት አንድ ከከተማ የመጣ ጎረምሳ፣ «ልትላጨኝ ነው ወይስ ልትድረኝ?» ብሎ ተቆጣ። እኔ አጠገባቸው ሻይ እየቀዳሁ ነበር።

«ዝም ብለህ መልስ!» አልኩት። «ይቺ ጥያቄ ምን እንዳስከፈለችን ብታውቅ ቆመህ ትመልስ ነበር።»

ከየት ያውቃል! ያኔ አልተወለደም።

ላካን እባላለሁ። ቤልሂ ገበያ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ዋርካ ሥር ሻይ ስሸጥ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የዋርካው ግማሽ ጥላ የኔ ነው፣ ሌላው ግማሽ የኬላዋን። ታላቄ ስለሆነ «ባያ» እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሲሻው «ላካን»፣ ሲሻው «አንተ ውሃ ሻጭ» ይለኛል። ያለው ንብረት አንድ መደገፊያው የላላ ወንበር፣ ግንዱ ላይ በሚስማር የተመታ መስታወት፣ መቀስ፣ ብሩሽ፣ ከአባቱ የወረሰው ምላጭ፣ በቃ። መስታወቱ ከጥጉ ስለተሰነጠቀ ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ሦስት ጆሮ አለው። «አዲስ ግዛ እንጂ ባያ!» ስለው፣ «ሰው የሚመጣው እኔን ብሎ ነው፣ መስታወቱን ብሎ አይደለም» ይላል። ኩሩ ነው። እጁ ግን ወርቅ ነው፤ ምላጩ ፊታችሁ ላይ ማለፉን የምታውቁት ነፋስ ሲነካችሁ ነው። ይህን እሱ ፊት አልለውም፣ ከዚያ በኋላ ማን ይችለዋል!

በኛ ዘንድ ጸጉር ቆራጭ የሌለበት ነገር የለም። ሕፃን የመጀመሪያ ጸጉሩ ሲነሳ እሱ ነው የሚጠራው። የሰርግ ጥሪ ይዞ ከመንደር መንደር የሚዞረው እሱ ነው። ሰው ሲሞትም በአሥረኛው ቀን ሐዘንተኞቹን ኩሬ ዳር ደርድሮ የሚላጨው እሱ ነው። አባቱ የሞተበት ወንድ ራሱንም ሪዙንም ይላጫል። አባቱ ያለ ወንድ ግን ሪዙን አያስነካም። ሪዙን የተላጨ ሰው መንገድ ላይ ስታገኙ ምንም አትጠይቁም፣ ጭንቅላታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ፈጣሪ ያጽናህ» ነው የምትሉት።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ማንጎው አበባ በያዘበት ወር ነው። የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሽማግሌ አርፈው አሥረኛ ቀናቸው ነበር። ኬላዋን ጎህ ሲቀድ ኩሬው ዳር ወርዶ እስከ እኩለ ቀን ሠላሳ ስድስት ሐዘንተኛ ላጨ። ራስ፣ ጉንጭ፣ ሪዝ። ቀጥሎ ያለው ና። ራስ፣ ጉንጭ፣ ሪዝ። ታጥቦ ወደ ዋርካው ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ፣ ትከሻው ወድቆ ነበር።

«ባያ፣ ዛሬ ሂድና ተኛ» አልኩት።

«ደንበኛ ቢመጣስ?»

«ነገ ይመጣላ! ጸጉር እንደሆነ አይሸሽ!»

«አንተ ውሃህን አፍላ» አለኝ። ምነው ያኔ እጁን ይዤ በጎተትኩት! እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጣው ደንበኛ ዳኔሽዋር ነው። ከመንገዱ ማዶ ብስክሌት የሚጠግን፣ ኬላዋንን «ካካ» ማለትም «አጎቴ» ብሎ የሚጠራ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሪዙን በዘይት ወልውሎ ጫፉን የሚያሾል ሸጋ ልጅ። አንድ አመል አለው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አረፋ ሲቀባ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል።

የዳኔሽዋርን ነገር ገበያው በሙሉ ያውቀዋል። አባቱ ራምኪሹን፣ እዚህ አጠገብ ማድፑር የሚባል መንደር ያሉ፣ የማንጎ እርሻ ያላቸው ብርቱ ገበሬ ናቸው። ያላቸውም ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው። ልጁ ግን እርሻ አልሆንለት አለ፤ ነፍሱ ብስክሌት ላይ ነው። ሱቅ ሊከፍት አሰበና፣ አያቱ የተከሉትን ማንጎ አባቱ በሌሉበት ገንድሶ በርና ጠረጴዛ አሠራበት። አሁን ይህን ምን ይሉታል! ሽማግሌው ከሄዱበት ሲመለሱ ጉቶውን አዩ። መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ልጃቸውን አስወጡት። «ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ! የምትመጣው ስሞት ነው! ሪዝህን ተላጭተህ ና!» አሉት። ይኸው እንደወጣ ሰባት ዓመቱ። አባት አልጠራ፣ ልጅ አልሄደ። ሁለቱም ድርቅናቸው የአንድ ፋብሪካ ነው።

ኬላዋን የዚያን ቀን የተኛውን ልጅ አገጩን ላጨ፣ ጉንጩን ላጨ። ከዚያ እጁ ከጠዋት ጀምሮ የለመደውን ቀጠለ። እኔ ቀና ስል ያየሁት ኬላዋን እንደ ግንድ ደርቆ ቆሞ ነው። ምላጩ ላይ ነጭ አረፋ፣ አረፋው ውስጥ ጥቁር ጸጉር። የዳኔሽዋር ሪዝ ቀኙ የለም!

«ባያ…» አልኩ። 

ልጁ ዝምታው ነው የቀሰቀሰው። ዓይኑን ገለጠ፣ መስታወቱን አየ፣ እጁን ወደ ከንፈሩ ሰደደ። ከዚያ የጮኸውን ጩኸት ባቡር ጣቢያው ድረስ ሰምተውታል።

«ካካ! ምን አደረግከኝ? ምን አደረግከኝ ካካ!»

ኬላዋን ከንፈሩ ነጥቶ፣ «ልጄ… እጄ ነው… ከጠዋት ጀምሮ… እንግዲህ ግማሹ እንዲህ ሆኖ አይቀርም፣ ሌላውንም ላንሳልህ» አለ።

ዳኔሽዋር የቀረውን ግማሽ በመዳፉ ሸፍኖ ከወንበሩ ዘለለ። «እንዳትነካ! አባቴ አለ! በሕይወት አለ!» አለ። ያ ሁሉ ኩራተኛ ልጅ እንባው አረፋው ላይ ወረደ። ሰባት ዓመት ሙሉ የአባቱን ስም ከአፉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ገበያው መጀመሪያ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ዞር ብዬ ስቄአለሁ፤ ግማሽ ሪዝ አይታችሁ ካልሳቃችሁ ድንጋይ ናችሁ። ማታ ላይ ግን ሳቁ ቆመና ሹክሹክታ ተጀመረ። «ምላጩ ከሞት ቤት መጥቶ ሞት ጠራ» አሉ። «አባትህ እንዲሰነብቱ ከፈለግህ ኬላዋን ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ» አሉ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ጣቢያው አጠገብ ወዳለው፣ ማራገቢያ ወደተሰቀለበት አዲስ ሱቅ ነጎደ። ኬላዋን ጋ የቀረነው አባት የሌለን ብቻ ነን። እኔ አባቴ የሞተው በዘጠኝ ዓመቴ ስለሆነ የሚያስፈራኝ የለም፤ ወዳጄ ባዶ ወንበር ይዞ እንዳይታይ ስል ጠዋትም ማታም ተቀመጥኩለት። ፊቴ እንደ ተፋቀ ድስት ተላጠ፣ ሚስቴ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልታገባ ነው እንዴ?» ማለት ጀመረች።

ዳኔሽዋርስ? ዳኔሽዋር ግማሽ ሪዙን ይዞ ሱቁን ከፈተ። በግራ ስታዩት የድሮው ሸጋ፣ በቀኝ ስታዩት ሐዘንተኛ። ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። ብስክሌት ሊያስጠግን የሚመጣው ሁሉ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ይጨንቀዋል።

«በፎጣ ሸፍነው» አልኩት።

«ምን ሰርቄ?»

«እሺ ተላጨውና ገላግለን! በሁለት ወር ይበቅላል።»

«አባቴ ቆሞ እየሄደ? አላደርገውም ላካን። ይሳቁ።»

ሰው በትንሹም በትልቁም «አባቴ ይሙት» እያለ በሚምልበት ገበያ፣ ይህ ልጅ ለማያናግሩት አባቱ ሲል መሳቂያ ሆኖ ዋለ፣ አደረ። አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሳቅኩበትም።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። አንድ ቀን የማድፑሩ ጂንጉር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ በገበያችን አለፈ። ጂንጉር ወሬ ካየ ጎማ ቢፈነዳ የማይሰማ ሰው ነው። በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ዳኔሽዋርን አየው፤ ያየው ግን በቀኝ በኩል ነው። አውቶቡሱ አልቆመም። ጂንጉር መንደሩ ደርሶ በቀጥታ ራምኪሹን ደጅ ሄደና፣ «ልጅዎ ሪዙን ተላጭቷል፣ በዓይኔ አየሁት» አላቸው። ሞኝ!

ወሬው ተመልሶ እኛ ጋ የደረሰው በዘጠነኛው ቀን፣ ከማድፑር ወተት በሚያመጣው ሰው ነው። «ሽማግሌው ከሰማ ጀምሮ አልጋ ላይ ነው» አለን። «‹ልጄ ከነነፍሴ ገደለኝ› ይላል። ምግብ አይቀምስም።»

ኬላዋን የያዘውን መቀስ አስቀመጠ። ምላጩን አወጣ፣ ጠረገው፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቀለለው።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«አልሠራም።»

«እንዴት አትሠራም?»

«ሰማህ አይደል? ሽማግሌው አንድ ነገር ከሆኑ የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። ይቅር ካሉኝ ምላጬን እከፍታለሁ። ካላሉኝ ወንዝ እጥለዋለሁ፣ ከእንግዲህ የሰው አንገት አልነካም።»

«ባያ፣ ከዚህ ሌላ ምን ታውቃለህ? ምን ልትበላ ነው?»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ ወይስ እዚህ ስትለፈልፍ ትውላለህ?»

በማግስቱ ጠዋት የሻይ ቤቴን እሳት አጠፋሁ። ብስክሌት የምንዋሰው ያው ከዳኔሽዋር ነው። የት እንደምንሄድ ሲሰማ ጎማውን ነፋ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ፣ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ሞከረ።

«አንተ ለምን አትሄድም?» አልኩት።

«‹ሪዝህን ተላጭተህ ና› ያሉኝ ለሞታቸው ነው። እንዲህ ሆኜ ደጃቸው ብቆም ሞታቸውን የተመኘሁ አይመስልም?» አለ። ከዚያ ወደ ኬላዋን ዞሮ፣ «ካካ፣ የኔን ነገር እንዳታነሳ» አለው።

«አላነሳም» አለ ኬላዋን። ሲዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ እየነዳሁ፣ እሱ ከኋላ ጨርቁን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በወንዙ ዳር ባለው ግድብ አናት ላይ ሄድን።  አንድ ጉድጓድ ላይ ስነጥር፣ «ሻይ እንደምትቀዳ ነው እንዴ የምትነዳው?» አለኝ።

ራምኪሹንን ያገኘናቸው ማንጎዎቹ መሃል፣ ያ ጉቶ አጠገብ፣ የገመድ አልጋ ላይ ተጋድመው ነው። በሳምንት ውስጥ ፊታቸው ተጨማዷል። ኬላዋን መሬት ላይ ተቀመጠና የተጠቀለለውን ምላጭ እግራቸው ሥር አኖረ።

«ባባ፣ የመጣሁት ‹ደጄን ልታረክስብኝ መጣህ› እንዳይሉኝ እየፈራሁ ነው» አለ።

«ምን ቀረህ?» አሉ ሳይዞሩ። «ልጄ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞቴን ተላጨ። ገና ትንፋሽ እያለኝ። አሁን ደግሞ የኔን ራስ ልትላጭ መጣህ?»

«ልጅዎ አልተላጨም። እኔ ነኝ።» ኬላዋን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው፤ ስለ ኩሬው፣ ስለ ሠላሳ ስድስቱ ሐዘንተኛ፣ ስለተኛው ልጅ፣ ስለ ገዛ እጁ። 

ሽማግሌው ቀና አሉ። «የትኛው ጎን?»

«ቀኙ፣ ባባ።»

«ግራውስ?»

«ግራው አለ።»

«አለ ማለት?»

«አለ ማለት አለ። ዛሬ አሥር ቀኑ ነው። ሕፃን አዋቂ ይስቅበታል። ላስተካክልልህ ብዬ ስለምነው ‹እንዳትነካ፣ አባቴ አለ› ብሎ አለቀሰ። እርስዎ እቅፍ ውስጥ ሆኖ የመጀመሪያ ጸጉሩን ያነሳሁለት ልጅ ነው። ያኔም እንዲህ አላለቀሰም።»

   ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ጉቶው አዙረው፣ «ሂዱ» አሉ።

«ባባ፣ ይቅርታዎን…»

«ሂዱ አልኩ።»

ኬላዋን ምላጩን ሳያነሳ ተነሳ። ስንመለስ ብስክሌቱን እየገፋን በእግራችን ነው የሄድነው፤ ለምን እንደዚያ እንዳደረግን አላውቅም። «ወንዝ መጣል እንኳ ቀረልኝ» አለኝ።  ገበያ ስንደርስ ዳኔሽዋር በር ላይ ቆሞ ነበር። ፊታችንን አየና ገብቶ ሥራውን ቀጠለ።

ሁለት ቀን አለፈ። ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነው። ኬላዋን ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል። አሥር ሰዓት ገደማ አንድ የበሬ ጋሪ መጣና ዋርካው ሥር ቆመ። ራምኪሹን ወረዱ። ነጭ ልብስ ለብሰዋል፣ በትር ይዘዋል፣ ምላጩ የተጠቀለለበት ጨርቅ በእጃቸው ነው።  አትክልት የሚመዝነው ሰው ሚዛኑን እንዳነሳ ቀረ።

ሽማግሌው ማንንም ሳያዩ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጨርቁን ለኬላዋን ሰጡት።

«ላጨኝ።»

«ባባ…»

«ጆሮህም ደከመ? አገጬን ላጨኝ።»

ኬላዋን ምላጩን ሲከፍት እጁ ይርገበገባል። ሽማግሌው በመስታወቱ አዩት። «ለምን ትንቀጠቀጣለህ? አባቴ ካረፈ ሠላሳ ዓመቱ ነው። የቀረህ እኔን መግደል ነው፣ እሱ ደግሞ እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንልህም» አሉት። አንገታቸውን ቀና አድርገው ዘረጉለት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የኬላዋን እጅ ረጋ። ምላጩ ያንን ያረጀ አንገት እየዳሰሰ ሲያልፍ ያየ ሰው ሁሉ፣ ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ምላጭ ክፉ ሊያወራ አፍ አልነበረውም። እኔ እጄ ላይ ሻይ ደፍቼ አልታወቀኝም።

ሲጨርስ ሽማግሌው ፊታቸውን ዳበሱ። «እጅህ አሁንም ደህና ነው» አሉ። ከዚያ ተነስተው ወደ ማዶ ተጣሩ። «ዳኔሽዋር! ያ ብስክሌት አይሸፍንህም፣ እግርህ ይታያል! ና ውጣ!»

ልጁ ከተገለበጠ ብስክሌት ኋላ ተነሳ። መንገዱን ሲያቋርጥ ግማሽ ሪዙ ይንቀጠቀጣል። መጥቶ እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ የአባቱን እግር ነካ። ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው አነሱትና ፊቱን ወደ ብርሃን አዙረው በቀኝም በግራም አዩት። እኔ ይስቃሉ ብዬ ፈራሁ። አልሳቁም።

«ተቀመጥ» አሉት። ከዚያ እኔን፣ «አንተ፣ ሻይ አምጣልኝ። ወፍራም ወተት ያለው» አሉኝ። ሻዩን ይዘው ከልጃቸው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ኬላዋን፣ የቀረውን አንሳለት።»

ዳኔሽዋር ከንፈሩን ሸፈነ። «አይሆንም ባቡ፣ አይሆንም አባቴ! እርስዎ እያሉ…»

«እኔ እያለሁማ ነው! ይኸው ተቀምጬ ሻይ እየጠጣሁ ነው። የማያየኝ አለ?» በትራቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ። «የማያየኝ ካለ ይምጣና ይንካኝ! እጅህን አውርድ።»

ልጁ እጁን አወረደ። ኬላዋን አረፋውን ቀባ፣ ቀስ ብሎ፣ በአንድ ምት አነሳው። ያ ፊት ባዶ ሲሆን እንደ ሕፃን ሆነ። ሽማግሌው ባዶውን ሲኒ አስቀምጠው ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ከሰባት ዓመት በፊት ምን ብዬህ ነበር?» አሉት።

ዳኔሽዋር አንገቱን ደፋ። «ሪዝህን ተላጭተህ ና ብለውኝ ነበር።»

«ይኸው ተላጭተሃል» አሉ ራምኪሹን። «በል ተነስ፣ ወደ ቤት እንሂድ። እናትህ ምግብ አቅርባለች።»